ወፍ ዘራሽ ጎመን፣ ቲማቲምና ዱባ፦ የቱ ይበላል፣ የቱ ይዛወራል፣ የቱ ይነቀላል

ክረምቱ ሲገባ በጤፍ ማሳ መካከል ጎመን፣ በወንዝ ደለል ላይ ቲማቲም፣ በፈረሰ ቤት ግድግዳ ላይ ዱባ ብቅ ይላል። ማንም አልዘራቸውም። ዘሩ የመጣው በፍግ፣ በጎርፍ፣ በገበያ ጥራጊ፣ በከብት ወይም በሰው ሆድ ነው። አንዳንዱ ሁሉንም እንደ አረም ይነቅላል፤ ሌላው ደግሞ «እግዜር የሰጠን ነው» ብሎ ሁሉንም ወጥ ውስጥ ይከታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዘሩ እዚያ ቦታ በምን መንገድ እንደደረሰ ያወቀ ሰው፣ የቱን እንደሚበላ፣ የቱን ወደ ጓሮ እንደሚያዛውር፣ የቱን እንደሚያቃጥል ለመወሰን አይቸገርም። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለደጋና ለወይና ደጋ የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ይዩ

የቲማቲም ዘር በሰው ሆድ ውስጥ አልፎ ሳይሞት ይወጣል። ስለዚህ ከከተማ በታች በወንዝ ዳር በብዛት የበቀለ ቲማቲም ሲያዩ ዘሩ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። ፍሬው ቢያምርም በጥሬው አይበላም። ቦታው ከአዲስ አበባ የሚወርደው አቃቂ ወንዝ ዳር ወይም ቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት ሞጆ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ተቀቅሎም አይበላ። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይጠፉም። ቅጠላ ቅጠል እነዚህን ብረቶች ከፍሬ የበለጠ ስለሚሰበስብ፣ በእንዲህ ያለ ደለል ላይ የበቀለ ጎመን ከቲማቲሙ የባሰ ነው።

የበረት ዙሪያ፣ የድሮ ፍግ ክምርና አመድ የሚደፋበት ቦታ ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። አፈሩ የጠገበ ስለሆነ ጎመኑ ቅጠለ ሰፊ ይሆናል፤ ዱባውም ሐረጉን ይለቃል። ሆኖም ፍግ ላይ የበቀለ ነገር ሁልጊዜ ይቀቀላል እንጂ ሰላጣ አይሆንም። ከመጠን በላይ ጠቁሮ የፋፋ የበረት ጎመን ናይትሬት ሊያከማች ስለሚችል ለሕፃን ምግብ አይጠቀሙበት። ለአዋቂ ከሆነ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ጥሩ ነው።

በስንዴና በጤፍ ማሳ ውስጥ ያለ ጎመን ሌላ ጣጣ አለው። ገበሬው ቅጠለ ሰፊ አረም ለማጥፋት እንደ ቱ ፎር ዲ ያለ ፀረ አረም ይረጫል፤ ጎመን ደግሞ ራሱ ቅጠለ ሰፊ ነው። አገዳው ከተጠማዘዘ፣ አዲሱ ቅጠል ከጠበበና ከተኮማተረ፣ ወይም የግንዱ ሥር አብጦ ከተሰነጠቀ ተረጭቷል ማለት ነው። በተረጨ ማግስት ግን ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ባለማሳውን መጠየቅ የግድ ነው፤ የሰው መሬት ላይ ስለሆኑ ፈቃዱንም፣ ስለ መድኃኒቱም መልሱን የሚያገኙት ከእሱ ነው። ተረጭቷል ካለ በዚያ ወቅት ከዚያ ማሳ ምንም አይቅጠፉ።

ከአስፋልት ዳር፣ ከጋራዥ ጀርባና አሮጌ ባትሪ ከሚጣልበት ቦታ ደግሞ ባዶ ቅርጫት ይዞ መመለስ ይሻላል። ጎመን በጤና!

አስተናግርን ሳያውቁ ቅጠል አይልቀሙ

በወፍ ዘራሽ አትክልት ሰው የሚመረዘው አብዛኛውን ጊዜ በአትክልቱ ሳይሆን አብሮት በበቀለው ነገር ነው። አስተናግር (አንዳንድ ቦታ አጤ ፋሪስ ይባላል) ጎመን የሚወደውን ቦታ ሁሉ ይወዳል፤ ቆሻሻ መጣያ፣ በረት ዙሪያና የታረሰ ጓሮ ላይ ይበቅላል። ካደገ በኋላ ማንም አይስተውም፤ አበባው ነጭ ወይም ወይን ጠጅ መለከት ነው፣ ፍሬው ደግሞ እሾሃም ኳስ። ችግሩ ችግኝ ሳለ ነው። ሰው ጎመኑን በእፍኝ እየነቀለ ሲሰበስብ ሁለት ሦስት የአስተናግር ችግኝ አብሮ ይገባል።

መለያው ይህ ነው። ጎመን ሲበቅል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ሰፋ ያሉና ጫፋቸው ወደ ውስጥ የገባ ሲሆኑ፣ የአስተናግር ግን ረጃጅም፣ ጠባብና ጫፋቸው የሾለ ነው። ቅጠሉን በጣትዎ ጨፍልቀው ያሽትቱ፤ ጎመን የሰናፍጭ ጠረን አለው፣ አስተናግር ግን የሚከረፋ ሽታ አለው። ስለዚህ ችግኝ በእፍኝ አይሰበሰብም፤ አንድ በአንድ ይለቀማል። ቤት ገብቶም ከመከተፉ በፊት እንደገና ይበጠራል። ከተከተፈ በኋላ መለየት አይቻልም።

የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ከዚያም ይቀባጥራል፤ የሌለ ነገር ያያል። «ጋኔን ነው» እየተባለ ጊዜ መባከን የለበትም። ከተረፈው ምግብና ካልተከተፈው ቅጠል ናሙና ይዘው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ለማስመለስ ብለው ምንም አያጠጡት።

ሌላው መጠንቀቂያ እምቧይ ነው። ቢጫ ክብ ፍሬው ለሕፃናት ቲማቲም ይመስላቸዋል። ግንዱና ቅጠሉ ላይ እሾህ ካለ፣ የቅጠሉም ጀርባ ነጣ ያለ ጸጉር ከለበሰ ቲማቲም አይደለም። የምድር እምቧይ የሚባለው ተሳቢ ደግሞ ትንሽ ኪያር ይመስላል፤ መራራና መርዛም ስለሆነ ይራቁት።

ጎመን

ከሁሉም ወፍ ዘራሾች ድካምን የሚክሰው የሐበሻ ጎመን ነው። ባለፈው ዓመት ለዘር የተተወ አንድ ተክል ፍሬው ደርቆ ሲፈነዳ በዙሪያው በመቶ የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ያም በበልግ ወይም በክረምት መጀመሪያ ዝናብ ተጠቅጥቆ ይወጣል።

ከሰናፍጭ ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሐበሻ ጎመን ከጥንት ጀምሮ የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ዲቃላ ስለሆነ መመሳሰላቸው አይገርምም። የጎመኑ ቅጠል ለስላሳ ነው፤ ሰም የተቀባ ይመስል ውሃ ሲነካው ተንከባሎ ይወርዳል። የሰናፍጭ የታችኛው ቅጠል በጠንካራ ጸጉር የተሸፈነ ስለሆነ እጅን ይሻክራል። ዘር ከያዙ በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የሰናፍጭ ፍሬ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አጭር ሆኖ ከአገዳው ጋር ይጣበቃል፣ የጎመን ግን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ረዝሞ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ሁለቱን ቢያምታቱ ወጡ ይጎመዝዝብዎታል እንጂ አይመረዙም።

መጀመሪያ ማሳሳት ያስፈልጋል። መዳፍ በምታህል ቦታ 20 ችግኝ ሊኖር ይችላል፤ እንዲሁ ከተተወ ሁሉም ቀጥነው ቶሎ ያብባሉ። ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ደካማዎቹን እየነቀሉ ይብሏቸው፤ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ጠንካራ ይተዉ። ነገር ግን ሲያሳሱ የጎረቤቱን ሥር እንዳያናጉ የሚቀረውን ችግኝ በአንድ እጅ ጫን ብለው ይያዙ።

ተክሉ ጉልበት ሲደርስ ከታች ጀምረው በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ይቅጠፉ፤ ከላይ ቢያንስ አምስት ይተዉለት። በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይመለሱበት። ከሥሩ የቆረጠ ሰው አንድ ጊዜ በልቶ ያበቃል። መሃሉ አገዳ ማውጣት ሲጀምር አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ጫፉን አንድ ስንዝር ያህል ይቀንጥቡ፤ ከጎን አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ የተቀነጠበውም ለስላሳ ስለሆነ ከቅጠሉ ይጣፍጣል። አበባው ከፈነዳ በኋላ ግን ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ይመርራል፤ ያኔ ለከብት ይሁን ወይም ለዘር ይተው።

ክሽክሽ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ከሰፈረ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ5 ሊትር ውሃ በጥብጠው ማታ ማታ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፤ ከመብላትዎ በፊት በደንብ ይጠቡት። ለገበያ የሚተክሉት የጎመን መደብ በቅርብ ካለ ግን ወፍ ዘራሹን ማባበል አያስፈልግም። ክሽክሹና ትሉ በጋውን የሚያሳልፉት እሱ ላይ ነው። ችግኝ ከመዛወሩ ሁለት ሳምንት በፊት ዙሪያውን ያጽዱ።

ቲማቲም

ቲማቲም የሚያታልል ወፍ ዘራሽ ነው። ሲያዩት ለምለም፣ አበባውም ብዙ፤ ፍሬው ግን ሳይበስል ወቅቱ ያልፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሰኔ የበቀለው ተክል በክረምቱ ጨለማና ዝናብ ውስጥ ያብባል፣ ፍሬው የሚሞላው ደግሞ በደጋው ውርጭ በሚመጣበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ውርጭ ከነካው የበሰለም ያልበሰለም ውሃ ይሆናል። በወይና ደጋ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ በቆላ መስኖ ቦይ ዳር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሊያፈራ ይችላል።

ስለዚህ በደጋ አካባቢ ውርጭ ሳይደርስ አረንጓዴውን ቀድሞ መልቀም ይሻላል። ግን ማንኛውም አረንጓዴ ቤት ገብቶ አይበስልም። አንዱን በስለታም ቢላ መሃል ለመሃል ይቁረጡት፤ ዘሮቹ ሳይቆረጡ በዝልግልጉ ፈሳሽ ውስጥ ተንሸራተው ካመለጡ ደርሷል፣ ዘሮቹ ከተቆረጡ ግን አልደረሰም። ቀለሙም ከድፍን አረንጓዴ ወደ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሲሄድ ምልክት ነው። የደረሰውን ሳይነካካ በጭድ ወይም በጋዜጣ ላይ ደርድረው ሙቅ ቦታ ያኑሩ፤ አንድ የበሰለ ሙዝ መሃሉ ቢያስቀምጡ ያፈጥነዋል። የተቀጠቀጠውንና የተበላውን አብረው አያስቀምጡ።

ያገኙት ተክል የጋሊሊያ ወይም የሌላ ዲቃላ ዝርያ ልጅ ከሆነ እናቱን አይመስልም። አንዱ ትንንሽ ክብ፣ ሌላው ረዘም ያለ፣ ሌላው ባዶ ሆድ ፍሬ ያፈራል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የዲቃላ ልጅ ባሕርይው ነው። እንደ ሮማ ቪኤፍ ያለ የቆየ ዝርያ ግን ልጁም ወላጁን ይመስላል።

ተክሉን ከመሬት አንሥተው ከእንጨት ጋር ይሰሩት፣ ከታች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያለውን ቅጠል ያርግፉ። ዝናብ አፈሩን እየረጨ በሽታ የሚያመጣው በእነዚህ ቅጠሎች በኩል ነው። ቅጠሉ ውስጥ በሁለቱ ገጽ መካከል ግልጽ ዋሻ እየሠራ የሚሄድ ትል ካዩ፣ ፍሬውም ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ሀገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ተባይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ተክል ለማዳን መድከም ዋጋ የለውም። ከነፍሬው ነቅለው በፌስታል አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ትሉ እስኪሞት ድረስ አይክፈቱት።

ዱባና ቅል

ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል። ተረቱ እውነቱን ነው፤ መለየት ያለብዎትም ፍሬ ሳይታይ ነው። የዱባ ቅጠል እጅ ላይ የሚሻክርና ጥቃቅን እሾህ ያለው ሲሆን አበባው ቢጫ ሆኖ በማለዳ ይፈነዳል። የቅል ቅጠል ልስልስ ያለ፣ ሲታሽ የሚከረፋ ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ሲመሻሽ ይከፈታል። ለወተትና ለውሃ ዕቃ የሚሆነው ቅል ብዙውን ጊዜ መራራ ስለሆነ አይበላም፤ ለዕቃ ከፈለጉት ግን ልጡ በጥፍር እስከማይወጋ ድረስ ሐረጉ ላይ ይቆይ።

ዱባን በተመለከተ አንድ ሕግ አለ፤ ያለ እሱ ከሜዳ የመጣ ዱባ ድስት ውስጥ አይግባ። ዱባ በንብ ስለሚዳቀል የወፍ ዘራሹ አባት ማን እንደሆነ አይታወቅም። አልፎ አልፎ ኩኩርቢታሲን የሚባለው መራራ መርዝ በልጁ ውስጥ ይመለሳል። መቀቀል አያጠፋውም፣ ቅመምም ይሸፍነዋል እንጂ አያረክሰውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን አንድ አረጋዊ ጓሮ ያፈራውን መራራ ዙኪኒ በልተው ሞተዋል። ስለዚህ ዱባውን ሲከፍቱ ከሥጋው የባቄላ ፍሬ የምታህል ቁራሽ በጥሬው በምላስ ነክተው ይትፏት። ከመረረ ሙሉውን ይጣሉ፤ ለከብትም አይስጡ፤ ዘሩንም አያስቀሩ። ይህ ሙከራ ለእያንዳንዱ ተክል እንጂ ለእያንዳንዱ ሰፈር አይደለም፤ ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ሐረጎች የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ኪያርና ቅል ቢያገኙም እንዲሁ ያድርጉ።

ሐረጉ ብዙ አብቦ ፍሬ ካልያዘ ንብ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ወንዱ አበባ በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል፤ ሴቷ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛለች። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት የወንዱን አበባ ቅጠል ገንጥለው ዱቄቱን በሴቷ መሃል ይሹ። ፍሬው ከያዘ በኋላ በሐረግ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይተዉ፣ ከሥሩም ድንጋይ ወይም ገለባ ያንጥፉ።

ሌሎቹን በአጭሩ

በቆላና በወይና ደጋ ከዛፍና ከአጥር ሥር የሚበቅለውን ሚጥሚጣ የሚዘራው በእርግጥ ወፍ ነው፤ ወፍ ማቃጠሉን አይሰማም፣ ዘሩንም ሳያደቅ ይጥለዋል። ችግኙ ጥላ ስለለመደ በአንዴ ፀሐይ ላይ አይትከሉት። ፌጦ፣ ድንብላልና በሶብላ አንዴ ጓሮ ከገቡ በየዓመቱ ራሳቸውን ይዘራሉ፤ ማሳሳት ብቻ ይበቃቸዋል።

ወደ ጓሮ ማዛወር

ጎመን አራት እስከ ስድስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ቲማቲም አንድ ስንዝር ሲሆን ይዛወራል። ዱባ ሥሩ ሲነካ ስለማይወድ ሁለተኛውን እውነተኛ ቅጠል ሳያልፍ ከነአፈሩ መነሣት አለበት፤ ካለፈ ባለበት ይተዉት።

ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ወደ ማታ ይውጡ። ከግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀው ዙሪያውን በመኮትኮቻ ወግተው ከነአፈሩ ያንሡት፤ በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉት። ሌሎቹን ከማንሣትዎ በፊት ከዚያው ቦታ አንዱን ነቅለው ሥሩን አጥበው ይዩ። ሥሩ ላይ ዕብጠት ወይም ጉብጉብ ካለ ሥር የሚያሳብጥ ኔማቶድ (በዓይን የማይታይ የአፈር ትል) አለበት፤ ከዚያ ቦታ አንድም ችግኝ ወደ ጓሮዎ አያስገቡ። ይህን ሳያዩ ቲማቲም ያዛወረ ሰው ለዓመታት የማይወጣ ጠላት በገዛ እጁ ያስገባል።

ጎመንን በ30 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ቲማቲምን በ40 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር፣ ዱባን ቢያንስ በ2 ሜትር ይትከሉ። ቲማቲሙን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ጠለቅ አድርገው ይቅበሩት፣ ከግንዱ አዲስ ሥር ያወጣል፤ ጎመንን ግን ቡቃያው እንዳይቀበር። ለእያንዳንዱ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ያጠጡ፣ ለሦስት ቀን በቅጠል ያጥሉበት።

ዘር መያዝ

እዚህ ላይ ወፍ ዘራሽ የራሱ ተንኮል አለው። በየዓመቱ ራሱን የሚዘራው ቀድሞ ያበበውና ፍሬው ቶሎ የሚፈነዳው ተክል ነው። ስለዚህ ወፍ ዘራሹን እንዲሁ ዝም ካሉት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቅጠል ሳይጠግብ አገዳ የሚያወጣ ጎመን ይቀርልዎታል። ዘር የሚያዘው ዘግይቶ ካበበውና ቅጠሉ ከሰፋው ነው፤ ቀድመው አገዳ ያወጡትን አበባቸው ሳይፈነዳ ይንቀሉ። ከአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ከስድስት ወይም ከዚያ በላይ ይውሰዱ። የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲሆን፣ ከመፈንዳቱ በፊት፣ አገዳውን ጠዋት በጤዛ ቆርጠው በጨርቅ ላይ በጥላ ያድርቁ። ከመዝራት በፊት 20 ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩ፤ ከ14 በታች ከበቀለ ዘሩን ጠቅጠቅ አድርጎ መዝራት ያስፈልጋል።

የቲማቲሙን ዘር ከነፈሳሹ በብርጭቆ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን እንዲቦካ ትተው ያጥቡት፤ የሚንሳፈፈውን ይድፉ፣ የዘቀጠውን ያድርቁ። የዱባ ዘር ከሜዳ ሐረግ አይያዝ፤ ፍሬው ጣፋጭ ቢሆንም በውስጡ ያለው ዘር አባቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይነቀሉ

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ካስገባው ወዲህ ድንች ደጋውን ለምዶታል፤ ሲቆፈር የቀረ አንድ ጥርስ የሚያህል ድንች ሳይቀር በበልግ ይበቅላል። ነገር ግን ወፍ ዘራሽ ድንች ምችና አጠውልግ በሽታን ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚያሻግር የሚሰጠው ጥቂት ፍሬ ጉዳቱን አያካክስም። አበባው ካለፈ በኋላ የሚያንጠለጥለው ትንሽ ቲማቲም መሳይ ፍሬም መርዛም ነው፤ ሕፃናት እንዳይበሉት። የሚቆፈረው ድንችም አረንጓዴ ከሆነ ይጣል።

ያለ ምክንያት በቀን የሚጠወልግ ድንች ወይም ቲማቲም ካዩ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጠው በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አስነክተው ይያዙ። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ከቁራጩ ከወረደ አጠውልግ ነው። ያ መሬት ቢያንስ ለሦስት ዓመት ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ አይተከልበት፤ ገብስ ወይም ጎመን ይሁንበት።

ድንቹ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ በዶማ ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከነእናቱ ይውጣ። ቅጠሉን ብቻ የጎተተ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደገና ያየዋል፤ በጥንቃቄ ለቆፈረም ሁለተኛ ዙር አይቀርለትም።

ከአዝመራ የቀረ ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ከጫፍ ቢጫ ሆኖ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታና ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ከታዩ ከአፈሩ ጭምር ይነሣ። እነዚያ ጥቁር ፍሬዎች አፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ፤ በዶማና በጫማ ተጣብቀውም ወደ ንጹሕ ማሳ ይሻገራሉ። የተነሣውን ፍግ ክምር ውስጥ አይጨምሩት፣ ያቃጥሉት፤ ዶማውንና ጫማዎንም ማሳውን ለቀው ሳይወጡ ይጠቡ።